አልጋው ተነጠፈ፤ መድረኩስ?

ለሾኔ፣ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ልጆች፤ የየከተማቸው ነገር ለሚቆጫቸውም ሁሉ

ከሐላባ ቁሊቶ ተነሥቶ ወደ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ ሾኔ ላይ ቢመሽበት አይጨነቅም። አልጋ አለ፤ ጥሬ ሥጋ አለ፤ ክትፎ በቆጮ አለ፤ ቢራው በሳጥን ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ሆሳዕና ገብቶ ቢያድር ደግሞ ምርጫው ይበዛበታል። ፎቅ በፎቅ ላይ ተነባብሮ፣ መስተዋቱ ፀሐይ እየመለሰ ዓይን ያጭበረብራል። ነገር ግን ያው መንገደኛ እራቱን በልቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ «እስቲ የዚህ አገር ሰው ስለ ራሱ ምን ይላል? ወዴት ሄጄ ልስማ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንድን ነው? «ቴሌቪዥኑ እዚያ ጥግ አለልህ፤ ዛሬ ማታ የእንግሊዝ ኳስም አለ» ነው። ሌላ መልስ የለም። በሾኔ ለተውኔት ተብሎ የተሠራ አንድም ቤት የለምና።

እንግዲህ ጉዳያችን ይህ ነው። በከተሞቻችን አልጋው ተነጥፏል፤ መድረኩ ግን የለም። ይህ ደግሞ በድህነት ብቻ የመጣ ነገር አይደለም እንላለን። ሆቴል የሚያቆም ገንዘብ፣ ሲሚንቶ፣ ብረትና ግንበኛ ያለበት ከተማ ለመድረክ ሲሆን ብቻ ድሃ የሚሆንበት ምክንያት ሊገባን አልቻለም።

ከወዲሁ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ የሆቴል ጠላቶች አይደለንም። «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» ብሎ ያደገ ሕዝብ ልጆች ነን፤ እንግዳ መቀበያ ቤት ሲሠራ ደስ ይለናል። የምንከራከረው ሆቴልና ቴያትር መንታ ሆነው መወለዳቸው ተረስቶ አንደኛው ልጅ በቅቤ ሲያድግ ሌላኛው ሜዳ ላይ ስለ ተጣለ ነው። መንታ ናቸው ስንልም ለማሳመር አይደለም፤ ማስረጃ አለን።

አንድ

መጀመሪያ ከአገራችን እንነሣ። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያቆሙ፣ ያም ቤት በ1900 ዓ.ም. ግድም በሩን ሲከፍት፣ በዘመኑ ሰው ዓይን ምግብን በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር። «እንጀራ ይሸጣል እንዴ?» ነው የሚባለው። ነገሩ ባዕድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ተለመደ። ዛሬ ሾኔ ላይ ቆጮ መሸጥ ነውር ነው የሚል አንድ ሰው ፈልጋችሁ አምጡልን! ይህንን ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1910ዎቹ ውስጥ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ሥራ ጻፉ። ሩሲያ ተምረው የመጡት እኚህ ሰው በአዲስ አበባ «ቴያትር» ተብሎ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን አይተው፣ ቴያትር ምን እንደሆነ ላሳይ ብለው እንደ ተነሡ ይነገራል። አውሬዎችን አናግረው የሹማምንቱን ጉቦና ግፍ ገለጡ። የት ታየ? ቤተ መንግሥት ውስጥ ነውን? አይደለም። ቴራስ በሚባል ሆቴል ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት አልጋ ከሚከራይበት፣ መጠጥ ከሚቀዳበት ቤት ውስጥ ተወለደ። መኳንንቱም መጥተው አዩት። ከዚያስ? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አልጋና መጠጡን ግን ማንም አላገደውም። ይህንንም ልብ በሉ። ከመንታዎቹ አንደኛው አፍ ስላለው ተቀጣ፤ ሌላኛው አፍ ስለሌለው ሰባ።

ተውኔት የራሱን ቤት እስኪያገኝ ብዙ ተንከራቷል። በትምህርት ቤት ግቢ ተጠግቶ ኖረ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ በተደቀነበት ሰዓት፣ ንግግርና መዝሙር ሕዝብ መቀስቀሻ ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ አገር በተጨነቀች ጊዜ የተፈለገው መድረክ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለውን ሕንፃ ደግሞ ጣሊያን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ተባረረ። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ጨረሰውና በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተመረቀ። ከ1 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። የሾሜት ቢሮ በአዲስ አበባ ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ ከተሞችም ብዙ ሠርቷል። መልካም ነው! ነገር ግን ያ ሁሉ ወንበር የተደረደረው አንድ ከተማ ላይ ነው። ከሾኔ ተነሥቶ አንድ ተውኔት ለማየት አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ገበሬ አይታችኋል? እኛ አላየንም።

«በደርግ ዘመን በየቀበሌው ኪነት ነበር እኮ» የሚሉን ታላላቆች አሉ። እውነት ነው፤ ነበር። በየቀበሌው ወጣቱ ከበሮ አነሣ፣ መዝሙር አጠና፣ አጫጭር ተውኔትም ሠራ። ዩኒቨርሲቲውም በ1971 ዓ.ም. የቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከፈተ። ነገር ግን ለየቀበሌው ኪነት የተሰጠው ቤት የስብሰባ አዳራሽ ነበር፤ አፉም የተፈቀደለትን ብቻ ይናገር ነበር። ሥርዓቱ ሲሄድ ከበሮውም አብሮ ሄደ። አዳራሹ ግን ቀረ፤ እስካሁንም ስብሰባ ይስተናገድበታል። የራሱ ቤት የሌለው ጥበብ ዕጣው ይሄ ነው። ባለቤቱ ሲወጣ ተከራይም ይወጣል።

ሁለት

አሁን ከአገራችን ወጣ ብለን አንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ እንመልከት። ሩቅ አገር የምንሄደው ለመደነቅ አይደለም። «ቴያትር የትልቅ ዋና ከተማ ነገር ነው፤ ለእንደ ሾኔ ያለች ከተማ አይሆንም» የሚለውን ክርክር የዚህ ቢሮ ሥራ ያፈርሰዋል ብለን ስለምናምን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 ፈርዲናንድ ፌልነርና ሄርማን ሄልመር የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች በቪየና አንድ ቢሮ ከፈቱ። ፌልነር በ1916፣ ሄልመር በ1919 እስኪሞቱ ድረስ ወደ 50 የሚጠጉ ቴያትር ቤቶች ነደፉ። ከነዚህ ውስጥ ለታላላቅ ከተሞች የተሠሩ አሉ፤ የኦዴሳ፣ የዙሪክ፣ የሃምቡርግ። ነገር ግን ቫራዥዲን የምትባል ትንሽ የክሮኤሽያ ከተማም ቴያትሯን ያገኘችው ከሄልመር እጅ ነው። ብርኖ፣ ሴገድ፣ ኦራዴያ፣ ቸርኒፍትሲ፣ ክላገንፉርት፣ ባደን፤ ብዙዎቹ በዓለም ካርታ ላይ በጣት ተፈልገው የሚገኙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ናቸው። የሶፍያ ብሔራዊ ቴያትር እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ። እቴጌ ጣይቱም ሆቴላቸውን የከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። እነሱም እኛም በአንድ ዓመት በር ከፈትን ማለት ነው፤ እኛ የሆቴሉን፣ እነሱ የቴያትሩን።

ይህ ቢሮ ሆቴልም ይሠራ ነበር። የመንታዎቹ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይታያል። ፌልነር በቪየና የሠራው የከተማ ቴያትር እ.ኤ.አ. በ1884 ተቃጠለ። በቦታው ሁለቱ አርክቴክቶች «ሮናኸር» የተባለውን ቤት በ1888 አቆሙ። መድረክ፣ የጭፈራ አዳራሽና ሆቴል በአንድ ጣራ ሥር ነበር። ተመልካቹ እየበላና እየጠጣ ያያል። ካርልስባድ በምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ደግሞ ቴያትሩን በ1886 ሠሩ፤ በኋላም የዚያችኑ ከተማ ትልቅ ሆቴል፣ ፑፕን፣ በማስፋፋቱና በማሳመሩ ሥራ ገቡበት። እንግዳ ውሃ ሊታጠብ ይመጣል፤ ማታ ግን የሚያየው ያስፈልገዋል። ይህን ስሌት ነጋዴው ተረድቶት ነበር። የኛ ነጋዴ ለምን አይረዳውም?

የሁለቱን ሰዎች ሥራ የነቀፉ ነበሩ። «ሁሉም ይመሳሰላል፤ አንዱን ፕላን ትንሽ ለውጠው ለሌላው ከተማ ይሸጣሉ» ተባለ። ነቀፋው እውነት አለው፤ ፊታቸውን ያየ ወንድማማች ሕንፃዎች መሆናቸውን ይለያል። እኛ ግን ነቀፌታውን ገልብጠን እናነበዋለን። ትንሽ ከተማ ከባዶ ወረቀት የሚነሣ ሊቅ መቅጠር አትችልም። የተፈተነ ፕላን፣ የታወቀ ወጪ፣ የለመደ ግንበኛ ካገኘች ግን ትችላለች። መደጋገሙ ነው ቴያትሩን ወደ ክፍለ ሀገር ያወረደው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1881 በቪየና ሪንግቴያትር የተባለው ቤት ተቃጠለ። ብርሃኑ የጋዝ ነበር፤ መውጫው አልበቃም፤ ከ380 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ከተማ ቴያትር ሲያሠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰዉ በምን ይወጣል?» የሚል ሆነ። የነፌልነር ቢሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ ቀረበ። ሰፊ ደረጃ፣ ብዙ በር፣ መድረኩን ከተመልካቹ የሚለይ የብረት መጋረጃ፣ በጋዝ ፈንታ ኤሌክትሪክ። ብርኖ ላይ በ1882 የከፈቱት ቤት በኤዲሰን አምፖሎች የበራ ነበር።

ይህን የምናወራው ታሪክ ለማብዛት አይደለም። የጣይቱ ሆቴል ራሱ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል፤ ጃዝ ይሰማበት የነበረው ጃዛምባም አብሮ ነደደ። መድረክና አልጋ አብረው የነበሩበት ያ አንጋፋ ቤት መድረኩን እሳት በላበት። እንግዲህ ዛሬ በየከተማችን 500 ሰው ለሠርግ የሚታጨቅባቸውን የሆቴል አዳራሾች ተመልከቱ። ስንት በር አላቸው? በሩስ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጪ የሚከፈተው? ቆጥራችሁ ንገሩን።

ሦስት

እዚህ ላይ ተቃዋሚያችን ብድግ ይላል። «ቆይ እንጂ! ምን የሚነገር ነገር አላችሁና ነው መድረክ መድረክ የምትሉት?»

ደግ ጥያቄ ነው። መልሱም ከሆቴሎቹ ግንብ ውስጥ ይወጣል። ሆሳዕናና ሾኔ ላይ ፎቁን ካቆመው ገንዘብ ውስጥ ስንቱ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው? ሁላችንም እናውቃለን። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ እንደሄደ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። የደረሰው ሱቅ ከፍቶ ብር ላከ፤ ብሩ ብሎኬት ሆነ፤ ብሎኬቱ ፎቅ ሆነ። ያልደረሰውስ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኘ። ዜናው በሬዲዮ አለፈ። ለቅሶው በየመንደሩ ተለቀሰ። ከዚያ በኋላ? ከዚያ በኋላ ዝም ነው። እናት ለብቻዋ፣ ደላላው ለብቻው፣ ላኪው ለብቻው፣ ሊሄድ የተዘጋጀው ልጅም ለብቻው ዝም አለ።

ይሄ ነው የሚነገረው! እነዚህን አራት ሰዎች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ብርሃን ሥር፣ አንዱ ሌላውን እንዲሰማ የሚያስቀምጥ ቤት ከቴያትር በቀር ምን አለ? ስብከት አለ፤ ነገር ግን ሰባኪው ብቻ ይናገራል። የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ደግሞ አበሉ ይናገራል። ልጁ ስብሰባው ላይ አጨብጭቦ በማግሥቱ ሞያሌ ነው። ተውኔት ልጁን እንደሚያስቀረው ዋስ አንሆንም፤ እንዲህ ያለ ቃል አንገባም። ነገር ግን ደላላው በመድረክ ላይ ሲስቅ ያየ ልጅ፣ በማግሥቱ ያንኑ ሳቅ ገበያ ላይ ሲሰማ ቢያንስ ይለየዋል።

ልብ በሉ፤ ከጉዞው በተረፈው ገንዘብ ሆቴል ተሠራ፤ ስለ ጉዞው የሚነገርበት ቤት ግን አልተሠራም። ብሩ ማደሪያ አገኘ፤ ታሪኩ ሜዳ አደረ። ከዚህ የበለጠ ምን ክስ እናቅርብ?

አራት

አሁን ወደ ተለመዱት ተቃውሞዎች እንሂድ። አራት ናቸው፤ ሻይ ቤት ስንሰማቸው የኖርን ነን።

አንደኛው፦ «መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ በኋላ ቴያትር»። ይህን የሚሉን ሰዎች አራተኛ ፎቅ ላይ የቢራ ማማ አስቀርበው ሲሆን ይገርመናል። እንጀራ የሚቀድም ከሆነ ለምን የወፍጮ ቤት አልሠሩም? እውነቱ፣ ከተማው እንጀራውን አልፎ ወደ መዝናኛ ከገባ ቆይቷል። ክርክሩ «ይዝናና ወይስ አይዝናና» አይደለም። ክርክሩ ሰዉ እየተዝናና ያስብ ወይስ እየተዝናና ይርሳ ነው።

ሁለተኛው፦ «ቴያትር የፈረንጅ ነው፤ የአባቶቻችን አይደለም»። ሆቴልስ የማን ነው? ቃሉ ራሱ ከወዴት መጣ? እንጀራ መሸጥ ነውር የነበረበትን ዘመን አንሥተናል፤ ያ ባዕድ ነገር መቶ ዓመት ሳይሞላው የራሳችን ሆነ። ደግሞስ ማን ነው ለአባቶቻችን መድረክ ባዕድ ነው ያለው? በያሆዴ የሀዲያ ልጅ ተቀባብሎ ሲያዜም፣ በመሳላ የከምባታ መንደር ሲሰበሰብ፣ በለቅሶ ላይ አልቃሽ የሟችን ሥራ በግጥም አንሥታ ሕዝቡን ስታስነባ፣ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቆሞ የሁለት ባላጋራ ንግግር ሲመዝን፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ተናጋሪ አለ፤ ሰሚ አለ፤ ሥርዓት አለው፤ ሰዓት አለው። የጎደለው ለትውልድ የሚያቆየው ቤት ነው።

የፈረንጁ ቤት የፈረንጁን ቃል ብቻ ይናገራል የሚል ካለ ደግሞ የዛግሬብን ነገር ይስማ። የዛግሬብን ቴያትር የሠራው ያው የቪየና ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1895 ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንዝ ዮሴፍ ራሱ መጥቶ መረቀው። በዚያው ጉብኝት ተማሪዎቹ አደባባይ ወጥተው የሃንጋሪን ባንዲራ አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን መርቆ ሄደ፤ ቤቱ ግን የክሮኤሽያ ቋንቋ ቤት ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የክሮኤሽያ ብሔራዊ ቴያትር ነው። ግንቡን ማን ነደፈው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ ማን ይናገርበታል የሚለው ሌላ ነው።

ሦስተኛው፦ «ስልክ አለ፤ ቴሌቪዥን አለ፤ ማን ቴያትር ያያል?» ስልኩ ላይ የሾኔን ነገር ስንት ጊዜ አያችሁ? ሀዲይሳ የሚናገር ገጸ ባሕርይ፣ ከምባትኛ የምትቆጣ አማት፣ በአማርኛ እየተደራደረ በሀዲይሳ የሚያማ ነጋዴ በየትኛው ቴሌቪዥን አያችሁ? ስልክ የሌላውን አገር ኑሮ ያመጣልናል፤ ኑሯችንን ግን አይወስድልንም። በዚያ ላይ ስልክን ሰው ለየብቻው ያያል። አብሮ መሳቅና አብሮ ማፈር ሌላ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው፦ «አዳራሽ አለ እኮ፤ እዚያ ሥሩ»። ወይ አዳራሽ! እስቲ አዳራሹን እንመርምረው። ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው የፊተኛውን ጭንቅላት እንጂ ተዋናዩን አያይም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይንኳኳል፤ ተዋናዩ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ይታያል። ግድግዳው ልስን ስለሆነ ድምፁ ይጋጫል፤ አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። መድረኩ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ማስቀመጫ ስለሆነ የኋላ መግቢያ የለውም፤ የሞተው ገጸ ባሕርይ በሕዝቡ መካከል አቋርጦ ይወጣል! ልብስ የሚለወጠው ውጪ፣ ከግድግዳው ጀርባ ነው። የስብሰባ አዳራሽ የተሠራው አንድ ሰው ተናግሮ ሌላው እንዲያጨበጭብ ነው። ለዚያ ሥራው ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

የሆቴሉ አዳራሽስ? ከመካከላችን ጥቂቶች አንድ አጭር ተውኔት አዘጋጅተው በአንድ ከተማ (ስሙ ይቅር) ወደ አንድ የሆቴል ባለቤት ሄደው ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ማታ ብቻ አዳራሹን ይፍቀዱልን» አሉ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አዘው ሰሟቸው። ከዚያ «ልጆቼ፣ ተመልካቹ ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ። «ያዳምጣል እንጂ አይጠጣም» ተባሉ። «እንግዲያው ምን ያረጋል?» አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። እኚህን ሰው አንወቅሳቸውም። ሒሳባቸው ከሮናኸር ሒሳብ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ሰው ለማየት ሲመጣ ቀድሞ እራት እንደሚበላ፣ አይቶ ሲወጣም ስላየው ነገር ለመከራከር እንደሚቀመጥ ገና አልተነገራቸውም።

አምስት

እንግዲህ ማማረር ብቻውን ግጥም አይሆን፣ ቤትም አይሆን። የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

ከከተማ አስተዳደሮች የምንጠይቀው ቦታ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሆሳዕና ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች፤ ቢሮ በዛ፣ እንግዳ በዛ፣ የመሬት ፈላጊም በዛ። ሾኔም በመንገዱ ምክንያት እየሰፋች ነው። ዛሬ በፕላን ላይ «ቴያትር ቤት» ተብሎ ያልተከለለ ቦታ ነገ «ሆቴል» ተብሎ መከለሉ አይቀርም። ቦታው ከገበያና ከመናኸሪያ የማይርቅ ይሁን፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው በእግሩ የሚደርስበት። ከከተማ ዳር፣ ጅብ የሚጮኽበት ቦታ እንዳይሰጡን።

ከባለሆቴሎች የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የሠርግ አዳራሽ ስታሠሩ ከመነሻው እንዲህ ብላችሁ አሠሩ፤ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ያለው ሰፋ ያለ መድረክ፣ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ክፍልና በር፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ ወደ ውጪ የሚከፈቱ ቢያንስ ሁለት ሰፋፊ በሮች። ቤቱ ሳይጀመር ከታሰበበት ወጪው ትንሽ ነው፤ ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። ለሠርጉም ይጠቅማል፤ ሙሽራውም በኋላ በር ይገባል፤ እሳት ቢነሣም ሰው ይተርፋል። ከዚያ በወር አንድ ማታ ብቻ ለተውኔት ስጡን።

ምህንድስናና ሥነ ሕንፃ ከሚማሩ ጓዶቻችን ደግሞ አንድ ፕላን እንጠይቃለን። አንድ ብቻ! 300 ሰው የሚይዝ፣ በአገር ድንጋይና በብሎኬት የሚሠራ፣ ለሾኔ ተነድፎ በትንሽ ለውጥ ለዱራሜ፣ ለአንጋጫ፣ ለሺንሺቾ፣ ለዶዮገና፣ ለጊምቢቹ የሚሆን። የቪየናን የመላእክት ሐውልትና ወርቅ ቅብ ማንም አልለመናችሁም። ከነሱ የምንወስደው መደጋገሙንና በሩን ነው። ፊቱን ከራሳችን ቤት ውሰዱ። የአያቶቻችን ክብ ቤት ሰውን በምሰሶው ዙሪያ ያስቀምጣል፤ ሁሉም ሁሉን ያያል፤ የሣር ክዳኑ ሥር ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ጨዋታ አይቋረጥም። ለሕዝብ መሰብሰቢያ የሣር ክዳን አይሆንም፤ እሳቱን አይተናል። ነገር ግን ክብነቱና ጸጥታው ይወረሳል። መስተዋት በመስተዋት የሆነ ሕንፃ ለነዚህ ከተሞች ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ገብቶ የተቀመጠ ያውቀዋል።

«ገንዘቡስ?» ትሉናላችሁ። የጀርመኗ ጊሰን ከተማ ቴያትሯን በዚሁ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ስታሠራ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የነዋሪዎቿ መዋጮ ነው። በሕንፃው ግንባርም የዜጎች የኅብረት መንፈስ ሐውልት መሆኑ ተጽፎበታል። መዋጮ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ትምህርት ቤት በመዋጮ ሠርተናል፤ ቤተ እምነት በመዋጮ አቁመናል፤ ዕድርና ዕቁብ የኛ ናቸው። ጆሃንስበርግ ያላችሁ ወንድሞቻችንም ስሙን። ለየግል ፎቅ ከምትልኩት ላይ ጥቂቱ በስማችሁ አንድ ቤት ያቆማል፤ በመንገድ የቀሩት ጓደኞቻችሁ ስም የሚጠራበት ቤት።

የመጨረሻው ጥያቄ ለኛው ለራሳችን፣ ይህችን የተባዛች ገጽ ለምናነብ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ቢያልቅ ምን ይታይበታል? ባዶ መድረክ ከመድረክ አልባነት የባሰ ሐፍረት ነው፤ ያኔ አዳራሽ ወዳዶቹ ይስቁብናል። ስለዚህ ቤቱን ሳንጠብቅ እንጻፍ። በሀዲይሳ እንጻፍ፤ በከምባትኛ እንጻፍ፤ በአማርኛም እንጻፍ፤ ገበያችን ሦስቱንም ይናገራልና። ስለ ኮንቴይነሩ እንጻፍ፤ ስለ ደላላው እንጻፍ፤ ለልጇ መንገድ መሬቷን ስለሸጠች እናት፣ ፎቅ ሠርቶ የሚያድርበት ሰው ስላጣ ከስደት ተመላሽ እንጻፍ። ጥሩ ሥራ ያላችሁ ወደዚህች ገጽ ላኩ፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢና በየዛፉ ሥር እናሳየዋለን። ተውኔት ዛፍ ሥርም ይታያልና። ዛፍ ሥር የታየውን ያየ ሕዝብ ደግሞ ከኛ በላይ ጮኾ ቤት ይጠይቃል።

አልጋውን ያነጠፋችሁ እጆች ተባረኩ። እንግዳው መጥቷል፤ በልቷል፤ ጠጥቷል። አሁን እኛ ማን እንደሆንን ይንገሩኝ ብሎ ቁጭ ብሏል። መድረኩን ሥሩ!